በረመዳን 26ኛው ቀን የገባው ተምር

ሸዕባን ሲጋመስ የሱቃችን ስልክ ዕረፍት ያጣል። ደዋዩ ሰላምታውን አሳጠር አድርጎ «ተምር ገባ?» ይላል። «ገብቷል» ካልን ቀጥሎ የሚመጣው «ስንት ሆነ?» ነው። እኛ መርካቶ ውስጥ አባታችን በከፈቱት ሱቅ ያደግን እህትና ወንድም ነን። ሁለቱን ጥያቄዎች ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ ስለኖርን መልሳቸው ቀላል ይመስለን ነበር፤ ከጅምላ አከፋፋይ በካርቶን መግዛት፣ ትንሽ ጨምሮ በኪሎ መሸጥ። ተምሩን ራሳችን ማስመጣት ስንጀምር ግን «ገባ?» የምትለዋ ቃል ከኋላዋ ስንት ወረቀትና ስንት ማኅተም እንዳለ አየን።

በዚህ ወር ሁለት ዓይነት ሰው ሱቃችን ይመጣል። አንደኛው ዋጋውን ይሰማና «ነጋዴ ለረመዳን እንኳ አይራራም» እያለ ይሄዳል። ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ ወጣት ነው፤ ካርቶኖቹን ቆጠር ቆጠር አድርጎ «ተሰባስበን አንድ ኮንቴይነር ብናስመጣስ?» ብሎ ይጠይቃል። ለሁለቱም የምንነግራቸው ታሪክ አንድ ነው፤ የ2016ቱ። አባታችን እንድንጽፈው የፈቀዱት «የራሳችንን ጥፋት የሰው አታድርጉት» ብለው አስጠንቅቀውን ነው።

የሒጅራ ዓመት ከፀሐዩ ዓመት በ10 ወይም በ11 ቀን ያጥራል። ረመዳን በ2016 መጋቢት 2፣ በ2017 የካቲት 22 ጀመረ፤ ዘንድሮ ደግሞ የካቲት ሳይጋመስ ገባ። ይህ ለአስመጪ ምን ማለት እንደሆነ ውጭ ሆኖ ለሚያይ አይታይም። በየዓመቱ ካምናው አሥር ቀን ቀድሞ ገንዘብ ማዋጣት፣ አሥር ቀን ቀድሞ ባንክ መሄድ፣ አሥር ቀን ቀድሞ መርከብ ማስያዝ ማለት ነው። ጫማ ያስመጣ ነጋዴ ዕቃው ሦስት ሳምንት ቢዘገይበት ይናደዳል እንጂ ጫማው ያው ጫማ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በእሸት ተምር፣ እሱ ከሌለ በደረቅ ተምር፣ ሁለቱም ከታጡ በውኃ ያፈጥሩ እንደነበር ሁላችንም ልጅ ሆነን ተምረናል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ተምር የማይገዛ ቤት ሁሉ በዚህ ወር ይገዛል። ከዒድ በኋላ የሚመጣ ተምር ገዢው ጥቂት ነው።

የምርቱ ነገር አያስቸግርም። በሳዑዲ ተምር የሚለቀመው ከበጋቸው ማብቂያ እስከ መኸር ነው። የቀሲሙ ሱከሪም ሆነ የመዲናው ዓጅዋ ተለቅሞ፣ ተለይቶ፣ ቀዝቃዛ መጋዘን ገብቶ ገዢውን ይጠብቃል። አገራችንም የራሷ ተምር አላት፤ አፋር ውስጥ በአሳይታና በአፋምቦ የተምር ዛፍ ይበቅላል። ከጅቡቲ የውጭ ተምር ጭኖ የሚመጣው ከባድ መኪና ከእነዚያ ዛፎች ብዙም ሳይርቅ ማለፉን ባሰብን ቁጥር ይቆጨናል፤ ለመርካቶ የሚተርፍ ምርት ግን ከዚያ አይመጣም። ስለዚህ ፊታችን ወደ ጅዳ ነው።

ጅዳና ጅቡቲ ሩቅ አይደሉም። መርከብ አንዴ ከተነሣ መንገዱ የሁለትና የሦስት ቀን ነው። እኛም ለመጀመሪያ ጊዜ ስንሰማ «ታዲያ ምን ያስቸኩላል?» ብለን ነበር። ቀኑን የሚበላው ግን ባሕሩ አይደለም። ባዶ ኮንቴይነር መጠበቅ አለ፣ መርከብ መጠበቅ አለ፣ ጅቡቲ ደርሶ መኪና መጠበቅ አለ። ከዚያ ሁሉ በፊት ደግሞ የውጭ ምንዛሪ መጠበቅ ነበር።

በ2016 መጀመሪያ ላይ ምንዛሪ የሚገኘው ባንክ ተመዝግቦ ተራ በመጠበቅ ነበር። አንድ ሙሉ ኮንቴይነር ለማስመጣት የእኛ የሱቅ ገንዘብ አይበቃም። አባታችን የሰፈር ሰዎችን ሰበሰቡ፤ ዘጠኝ ቤተሰብ ሆነን በሽርክና ገባን። አስተማሪ ነበሩበት፣ የሚኒባስ ባለቤት ነበረበት፣ ሦስት ወንድማማች ልብስ ሰፊዎች ነበሩበት። በርበሬ የሚሸጡ ጎረቤታችንም ነበሩ፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ለሐጅ ብለው ያጠራቀሙትን ገንዘብ ነው ያመጡት። እሳቸው ገንዘቡን በነጭ ነጠላ ቋጥረው ሲያስቀምጡ እናታችን «ይቅርብሽ፣ የሐጅ ገንዘብ ነው» ማለታቸውን እናስታውሳለን። እሳቸው ግን «ቢበዛልኝ ልጄንም ይዤ እሄድበታለሁ» አሉ።

ውሉ ከዒሻ በኋላ ቤታችን ተጻፈ። ትርፍ በስምምነት ይከፈላል፤ ኪሳራ ከመጣ እያንዳንዱ ባዋጣው ገንዘብ ልክ ይሸከማል። ሥራውን የምንሠራው እኛ ነን፤ ሥራ ላይ ቸልታ ከታየ ግን የቸልታው ዕዳ የሠሪው ነው። ይህችን የመጨረሻ ነጥብ ያስገቡት አስተማሪው ናቸው። በዚያ ምሽት ማንም ብዙ ልብ አላላትም።

ባንኩ ኤልሲውን ከፈተልን። ኤልሲ ማለት ባጭሩ ሻጩ ዕቃውን መጫኑን የሚያሳዩ ወረቀቶች ሲያቀርብ ባንኩ ሊከፍለው ቃል የሚገባበት ሰነድ ነው። ባንክ ተምሩን አያይም፤ የሚያየው ወረቀት ነው። ኢንቮይሱ፣ የካርቶን ዝርዝሩ፣ የትውልድ አገር ማስረጃው፣ የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የመርከቡ የጭነት ሰነድ፣ እኛ ቢል የምንለው፣ እርስ በርሳቸው መግጠም አለባቸው። በቢሉ ላይ የላኪው ስም፣ የተቀባዩ ስም፣ የኮንቴይነሩ ቁጥር፣ የማሸጊያው ብዛትና ክብደቱ ይሰፍራል። ዕቃው የማን እንደሆነ የሚያረጋግጠው እሱ ነው፤ ኦርጅናሉን ያልያዘ ሰው ኮንቴይነሩን አይረከብም።

የእኛ ጭነት 1,950 ካርቶን ነበር፤ እያንዳንዱ 10 ኪሎ። ቢሉ ከመታተሙ በፊት ረቂቁ ለላኪው ይሰጣል፤ ላኪው ደግሞ ለእኛ በስልክ ፎቶ አንሥቶ ላከልን። «ተመልከቱና ትክክል ከሆነ ንገሩኝ» ይላል መልእክቱ። ሌሊት ነበር፤ እኛም ደክሞናል። ስማችንን አየን፣ የመርካቶ አድራሻችንን አየን፣ «ሞጆ» የሚለውን አየን። «ትክክል ነው» ብለን መለስን። የካርቶኑ ቁጥር 1,590 ይል ነበር። ሁለት አኃዝ ቦታ ተለዋውጠዋል። ክብደቱ ግን 20 ቶን ከ400 ኪሎ ተብሎ በትክክል ተጽፏል። 1,590ን በ10 ኪሎ ያባዛ ሰው የሚያገኘው 16 ቶን እንኳ የማይሞላ ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ ብናባዛው ኖሮ ስሕተቱ ይወጣ ነበር። ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ስናባዛ የምንውል ሰዎች ነን።

ሌላ ዕድልም ነበረን። ወረቀቶቹ ባንክ ሲደርሱ ሠራተኛዋ ደወለችልን፤ በኢንቮይሱና በቢሉ መካከል ልዩነት አለ፣ ትቀበሉታላችሁ ወይስ ይመለስ? መመለስ ማለት ሳምንታት ማለት ነው። «ባንክ ካለፈው ጉምሩክም ያልፈዋል» ብለን ፈርመን ተቀበልን። ዛሬ ወጣቶቹ ሲጠይቁን ደጋግመን የምንነግራቸው ይህችን ነው፤ ባንኩ ልዩነቱን እንድትቀበል የሚጠይቅህ ለክፍያው ብቻ ነው። ጉምሩክ ሌላ ቤት ነው።

እስከዚህ የራሳችን ጥፋት ነው። ከዚህ በኋላ ባሕሩ ገባበት። ኅዳር 9 ቀን 2016 የየመን ሑሢዎች «ጋላክሲ ሊደር» የተባለችውን መርከብ ቀይ ባሕር ላይ ከያዙ ወዲህ በመርከቦች ላይ የሚደርሰው ጥቃት ቀጠለ። ታላላቆቹ የመርከብ ኩባንያዎች በባብ ኤል መንደብ ማለፍ ትተው አፍሪካን በደቡብ በኩል መዞር ጀመሩ። ካርታ ላይ ብታዩት ጅዳ ከባብ ኤል መንደብ በላይ ናት፣ ጅቡቲ ከበታች። ከጅዳ ጅቡቲ የሚሄድ መርከብ በዚያች ጠባብ በር ማለፉ ግድ ነው። ለእኛ ዞሮ መምጫ የለም። የሚሄዱት መርከቦች ቁጥራቸው ቀነሰ፣ የጦርነት አደጋ መድን ዋጋው ወጣ፣ ጭነት ተጨናነቀ። ኮንቴይነራችን ጅዳ ወደብ ላይ መርከብ ሲጠብቅ እኛ ዜና ስንጠብቅ ሰነበትን። በሸዕባን 20 ሞጆ ይደርሳል ብለን ያሰብነው በረመዳን 8 ደረሰ። አሥራ ሰባት ቀን።

ከጅቡቲ ወዲህ ያለው መንገድ ለአንባቢ አዲስ አይደለም። ከአገራችን የገቢና የወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በዚያው ነው። ጭነታችን በመልቲ ሞዳል ስለመጣ አንድ አጓጓዥ ከባሕሩ እስከ ደረቅ ወደቡ ድረስ ኃላፊነቱን ይዞታል። ከዶራሌ ወጥቶ፣ በጋላፊ ገብቶ፣ በሰመራና በሚሌ፣ በአዋሽና በአዳማ አድርጎ ሞጆ ይደርሳል። ባቡሩም ከ2010 ጀምሮ ጭነት ያመላልሳል፤ የእኛ በመኪና መጣ። አፋር ውስጥ ሙቀቱ የታሸገ ብረት ሣጥን ውስጥ ምን እንደሚያደርግ የምናውቀው ካርቶኑን ስንከፍት ነው። ደረቅ ተምር ይችለዋል፤ ለስላሳው ግን ማቀዝቀዣ ያለው ኮንቴይነር ይፈልጋል፤ ያ ደግሞ ዋጋው ሌላ ነው።

የጉምሩክ አስተላላፊያችን፣ ትራንዚተር የምንለው፣ ዲክላራሲዮኑን ሞልቶ አስገባ። ሥርዓቱ እያንዳንዱን ጭነት እንደ ሥጋቱ መጠን ይመድበዋል። አረንጓዴ ከሆነ ሳይፈተሽ ያልፋል፣ ቢጫ ከሆነ ሰነዱ ይመረመራል፣ ቀይ ከሆነ ዕቃው ይፈተሻል። የእኛ ቀይ ሆነ። ሰነዶቹ ስለማይገጥሙ ቀይ ባይሆን ነበር የሚገርመው። ፈታሾቹ ኮንቴይነሩን አስከፍተው በጉልበት ሠራተኛ አንድ በአንድ አስቆጠሩ። 1,950 ካርቶን ወጣ። የባለቤትነት ሰነዱ 1,590 ይላል። ሦስት መቶ ስድሳ ካርቶን ተምር ሰነድ የሌለው ዕቃ ሆኖ ቁጭ አለ።

ትራንዚተሩ ከሞጆ ሲደውል ሰዓቱ ለመግሪብ ጥቂት ቀርቶት ነበር። «ሐጂ፣ አፍጥረው ይደውሉልኝ» አላቸው አባታችንን። አባታችን ግን «ንገረኝ፣ ጾሜን አያፈርሰውም» አሉት። ነገራቸው። ስልኩን ከዘጉ በኋላ ሾርባው ቀርቦላቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። እኛ ደግሞ ያንን የሌሊት ፎቶ ከስልካችን ፈልገን አወጣነው። ያኔ ነው አኃዙን ያየነው። የላኩልን ከመጽደቁ በፊት ነው፣ ያጸደቅነው እኛ ነን። ስልኩን ለአባታችን ማሳየት ከጉምሩክ ቅጣት የከበደን እሱ ነበር።

በፈታሾቹ ልንቆጣ አልቻልንም። እነሱ ከእኛ ቀድመው 360 ካርቶን ሙሉ ሌላ ዕቃ ደብቆ ያመጣ ሰው አይተው ይሆናል። ቢሉን ለማስተካከል ላኪው ለመርከብ ኩባንያው ወኪል መጻፍ ነበረበት፣ ወኪሉ የማስተካከያ ክፍያ ተቀብሎ ጅቡቲ ለሚገኘው ቢሮ ማሳወቅ ነበረበት፣ ከዚያ የተስተካከለው ማኒፌስት ለጉምሩክ መድረስ ነበረበት። በመካከሉ ዓርብና ቅዳሜ አለ፤ ሳዑዲ ያርፋሉ። ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ አለ፤ እዚህ ያርፋሉ። በረመዳን ደግሞ የዚያ አገር ቢሮ የሥራ ሰዓት አጭር ነው። በሳምንት ሁለቱም ወገን አንድ ላይ የሚሠሩባቸው ሙሉ ቀናት አራት ብቻ መሆናቸውን የተማርነው ያኔ ነው።

ኮንቴይነሩ በቆመ ቁጥር ይቆጠራል። መጀመሪያ ያለ ክፍያ የሚቆይባቸው ቀናት አሉ። ከዚያ የመጋዘን ኪራይ ይጀምራል፤ ኮንቴይነሩ ራሱ የመርከብ ኩባንያው ንብረት ስለሆነ በጊዜው ባዶውን ካልመለስክ ዲመሬጅ ይታሰባል። ዲመሬጅ በዶላር ነው፣ ቀኑ በገፋ ቁጥርም የቀኑ ክፍያ ይወጣል። አስተማሪው ሸሪካችን በየምሽቱ ከተራዊሕ ሲመለሱ በራችን ላይ ቆመው «ዛሬስ?» ይሉ ነበር። በርበሬ ሻጯ ጎረቤታችን አንድም ቀን አልጠየቁም። እሱ ይብስ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ቀረጡ አንድ ነገር እንበል፤ «ስንት ሆነ?» ለሚሉት መልሱ ከፊሉ እዚህ ስላለ። ቀረጥ የሚታሰበው ተምሩ ጅዳ ላይ በተገዛበት ዋጋ ብቻ አይደለም። የዕቃው ዋጋ፣ የመድኑና የመጓጓዣው ወጪ ተደምረው ነው። ለማስረዳት ያህል ድምሩ 100 ብር ቢሆንና ቀረጡ 10 ብር ነው ብንል፣ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚታሰበው በ100 ሳይሆን በ110 ነው። ሱር ታክስ ባለበት ዕቃ ላይ እሱም የሚያርፈው ከበታቹ ባለው ሁሉ ላይ ነው። ከዚህ ሌላ በቅድሚያ የሚያዝ 3 በመቶ አለ፤ እሱ ዓመቱ ሲዘጋ ከትርፍ ግብር ላይ ይታሰብልናል፣ እስከዚያው ግን ጥሬ ገንዘብ ከእጃችን ወጥቷል። እንግዲህ ቀይ ባሕር ላይ በተተኮሰው ምክንያት የመርከብ ኪራይና መድን ሲወጣ፣ እላዩ ላይ የሚታሰበው ቀረጥና ታክስም አብሮ ይወጣል ማለት ነው። የዚያን ዓመት ተምር ዋጋ ሲጨምር ሁሉም የነጋዴ ስግብግብነት አልነበረም። ከፊሉ ግን ነበር፤ ይህንንም መደበቅ አንፈልግም። በሸዕባን ዕቃውን አስገብቶ መጋዘን ዘግቶ የመጨረሻውን ሳምንት የሚጠብቅ አለ። ኢሕቲካር መሆኑን እያወቀ።

ያለ ቀረጥ የሚገባም አለ። በምሥራቅ በኩል በኮንትሮባንድ የሚመጣ ተምር ከእኛው ቀንሶ ይሸጣል፣ ደረሰኝ የለውም፣ ካርቶኑ ላይ የማብቂያ ቀኑ የተፋቀ እናያለን። የቸገረው ቤተሰብ እሱን ቢገዛ እኛ ፈራጅ አይደለንም። ቀኑን አንብቡ፣ ከፍታችሁ ውስጡን እዩ፣ ነቀዝ ይገባዋል፤ ይህን ብቻ እንላለን።

ወረቀቱ በረመዳን 25፣ ሐሙስ ዕለት አለቀ። ዓርብ ማታ፣ ሰዉ ለ27ኛዋ ሌሊት ወደ አንዋር መስጊድ ሲጎርፍ፣ መኪናችን ወደ መርካቶ ገባ። ልብስ ሰፊዎቹ ወንድማማቾችና የሚኒባሱ ባለቤት አብረውን አወረዱ። አስተማሪውም መጡ፤ ካርቶን መሸከም ስላልቻሉ ቆጠሩ። 1,950። ሱሑር እዚያው በመጋዘኑ ደጃፍ በላን፤ ከፈትነው ካርቶን ሁሉም ሰው ሦስት ሦስት ፍሬ ወሰደ። ተምሩ ጥሩ ነበር። እንዲያውም በጣም ጥሩ ነበር፤ ይህም አበሳጨን።

ለዒድ አራት ቀን ቀርቷል። ቃል የገቡልን አከፋፋዮች ከሌላ ገዝተዋል። የቤተሰቡ ገንዘብ ወደ ልጆች ልብስና ወደ ዶሮ ዞሯል። እስከ ዒድ ዋዜማ የሸጥነው 600 ካርቶን አይሞላም። የመጋዘን ኪራዩን እያየን በሸዋል ስድስቱን ቀን ለሚጾሙት፣ ሰኞና ሐሙስ ለሚጾሙት፣ ለኬክ ቤቶች፣ ዋጋ እየቀነስን ሸጥን። አንድ ደላላ ቀሪውን እስከሚቀጥለው ረመዳን አስቀምጠን የካርቶኑን ቀን በሌላ ስቲከር እንድንሸፍን ሊመክረን መጣ። አባታችን ሻይ አስቀዱለትና ሻዩን ሲጨርስ እንዲሄድ ነገሩት።

በሸዋል ሁለተኛ ሳምንት ዘጠኙ ቤተሰብ እንደገና ቤታችን ተሰበሰበ። ወንድምየው የቀይ ባሕሩን ነገር አንሥቶ፣ ኪሳራው ከአላህ የመጣ ነው፣ በውላችን መሠረት ሁሉም በድርሻው ይሸከም አለ። እህትየው ዝም አለች፤ ፎቶው በስልኳ ውስጥ ነበር። አባታችን ቀድመው የሰፈራችንን ኡስታዝ ጠይቀው ኖሯል። ወረቀት አውጥተው ቀኖቹን ለሁለት ከፈሉ። አሥራ ሰባቱ ቀን የባሕሩ ነው፤ የእነዚያ ቀናት ጉዳት በሁሉም ድርሻ ይታሰባል። ሞጆ ላይ ወረቀቱ ትክክል ቢሆን በሦስት ቀን ይወጣ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያሉት አሥራ አራት ቀናት፣ ኪራዩም፣ ዲመሬጁም፣ የማስተካከያ ክፍያውም፣ በእነዚያ ቀናት ያመለጠው ሽያጭም የቤታችን ነው። «ቁጥሩን ሳያነቡ የፈረሙት ልጆቼ ናቸው» አሉ። አስተማሪው ያመለጠው ሽያጭ እንኳ በሁሉም ይታሰብ ብለው ተከራከሩ። አባታችን እንቢ አሉ። በዚህ ነገር እኛ ሁለታችን እስከ ዛሬ አልተስማማንም፤ አንዳችን ያመለጠ ትርፍ ዕዳ አይሆንም እንላለን፣ አንዳችን አባታችን ልክ ነበሩ እንላለን። ከፍለን የጨረስነው ግን አብረን ነው፣ ሁለት ዓመት ፈጅቶብናል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ሥርዓት ተለወጠ። የባንክ ተራ መጠበቁ ቀለለ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ግን ዓመት ሳይሞላው ከ130 ብር አለፈ። አሁን ዶላር ይገኛል፣ የሚገዛበት ብር ነው የሚጠበው። ድሮ ዘጠኝ ቤተሰብ ያመጣውን ኮንቴይነር ዘንድሮ አሥራ አራት ሆነን አመጣነው። ብዙው ሸሪክ የድሮው ነው።

«ብናስመጣስ?» ለሚሉት ወጣቶች ከሸዕባን ወደ ኋላ ቁጠሩ እንላቸዋለን። ተምሩ በሸዕባን መጀመሪያ መርካቶ እንዲገባ ረጀብ አጋማሽ ላይ ጅዳ ወደብ መውጣት አለበት፤ ለዚያ ባንኩ ከሁለትና ከሦስት ወር በፊት ማለቅ አለበት። ምግብ ስለሆነ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ጉዳይ አለው፣ ካርቶኑ ላይ የሚጻፈውን አስቀድማችሁ ከላኪው ጋር ተስማሙ። ትራንዚተር ስትመርጡ በርካሽ አትምረጡ። ረቂቁ ቢል ሲመጣ ደግሞ ሌሊት አትመልሱ፤ ጠዋት ሁለት ሰው ቁጭ ብሎ፣ አንዱ ኢንቮይሱን፣ ሌላው ቢሉን ይዞ፣ ድምፅ አውጥቶ እያንዳንዱን አኃዝ ይንበብ። ብዛቱን በክብደቱ አባዙት።

ዘንድሮ ረቂቁ የመጣው በረጀብ ነው። በርበሬ ሻጯ ጎረቤታችን ገንዘባቸውን ካገኙ በኋላ ግማሹን እንደገና አስገብተዋል፤ ለሐጅ የሚበቃውን ግን ለይተው አስቀምጠዋል፣ ፓስፖርታቸውንም አውጥተዋል። ያን ዕለት ጠዋት ሱቅ መጥተው ከበርሜሉ አጠገብ ተቀመጡ። ማንበብ አይችሉም። «ስንት ይላል?» አሉን። «አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ» አልናቸው። «በዚያኛውስ ወረቀት?» «አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ።» «እስቲ አንዴ ድገሙልኝ» አሉ፤ ደገምንላቸው። ኮንቴይነሩ ረመዳን ሊገባ ስድስት ቀን ሲቀረው መርካቶ ገባ።